ሚሚ የፋቀቻቸው የእድር ወንበሮች

ለወንድሜ ለዘውዱ፣ ድሬዳዋ ላለኸው፤

ሰላምታዬ ከጉና ብርድ ጋር ይድረስህ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ የሚልክልህ ሰው ሳይናፍቅህ አይቀርም። እንደምን ከርመሃል? ደም ግፊትህ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ሳልስ ተወህ ወይስ ቆላ ድረስ ተከትሎህ ወረደ? ባለቤትህ እመቤት ደኅና ናት? ልጆቹስ? የትንሹ የደሳለኝ ጥርስ ወጣ? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ውሃው፣ አየሩ ተስማማችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ አለሁ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ ዳገት አልወድም፤ ቁልቁለትም አልወድም። ስለ ጉልበቴ አብዝቼ አልጽፍም፤ ጠይቀኸኝም አታውቅ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብል አትሳቅ። አንተ አባባ ትከሻ ላይ ሆነህ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል» የተባልሁት እኔ ነኝ። ሀሁ የቆጠርሁት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ቀበሌው ለጎልማሶች ባስከፈተው ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴ የማይገባበት አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ነው። ቀድሞ ሰው ሲጽፍልኝ እኔ የተናገርሁትን ጸሐፊው እያለሰለሰ ነበር የሚልክልህ። «ወንድምሽ እንዳይቀየም» እያለ ስንት ቃል ዋጠብኝ። አሁን የሚያለሰልስልህ የለም።

በስልክ እንዳልነግርህ የልጅህን የሚሚን ስም ባነሣሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለ እህል ዋጋ ስናወራ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ካሳሁን በሰኔ ከድሬዳዋ ሲመለስ መልእክትህን አድርሶኛል። ጥሩ ጎረቤት ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። «ዘውዱ እንዲህ ብሏል፤ ልጄ ብረት ፋቂ ሆነች ሲሉኝ በሰው ፊት አፈርሁ። በዘራችን ቀጥቃጭም ፋቂም የለም። ወይ ሥራውን ታቁም፣ ወይ መስከረም ሳይጠባ ከአባቴ ግቢ ትውጣ። ካልሆነ ልጄ አይደለችም።» እንዲህ አለኝ። እውነትህን ነው፣ በዘራችን ቀጥቃጭ የለም። የአባባን ማረሻ፣ የእማማን መጥረቢያ፣ አንተ የተገረዝህበትን ምላጭ ማን እንደ ሠራው ግን አንድ ቀን ጠይቀህ አታውቅም። አሁን መስከረም ሊጠባ ነው። እኔ ያየሁትን ልጻፍልህና ቃልህን ታጸናው ወይም ታነሣው እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ አንተው ዕወቅ።

ነገሩ የጀመረው ከሰፈራችን እድር ወንበሮች ነው። አንተና የሚሚ እናት የሺ ስትጋቡ የገዛሃቸው ሁለቱ ወንበሮች ትዝ ይሉሃል? እግራቸው ቧንቧ ሆኖ ክሮም የተለበጠ፣ ፊትህን የሚያሳይህ። እድራችንም ከዚያ ዓይነት ወደ አርባ የሚሆኑ ወንበሮች አሉት። አንድ አሮጌ አዳራሽ ዕቃውን ሲለውጥ የተገኙ ናቸው። ሲመጡ ያበሩ ነበር፤ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ገብቶ ወንበር ያይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ክሮሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰነጠቀ ይነሣ ጀመር። ከሥሩ ዝገቱ ፈንጣጣ አወጣ። የተነሣው ጠርዝ ምላጭ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይይዛል። የጎረቤታችንን የአሰፋሽን አዲስ ነጠላ ከጥለቱ እስከ መሃሉ ቀደደው። ያን ቀን ከሟች ቤተሰብ ይልቅ እሷ ናት ያለቀሰችው።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሙላቴ ናቸው፤ ታውቃቸዋለህ፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጠው። «ቀለም ሁሉን ይሸፍናል» አሉና ወንበሮቹን እንዳሉ በሰማያዊ ቀለም አስቀቧቸው። አለመፋቅ፣ አለማጠብ፤ ከነክሮሙ፣ ከነዝገቱ። ሲደርቅ አማረ። ወንዶቹ ዙሪያውን እየዞሩ አደነቁ። ባለፈው ዓመት ክረምት ግን አንድ ትልቅ ለቅሶ ሆነና ድንኳኑ ያፈስስ ጀመር። ሦስት ቀን ርጥበት ላይ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ተነሥተን ለመሰናበት ስንዞር ቀለሙ ከክሮሙ ለቅቆ ጋቢያችንና ነጠላችን ላይ ተጣብቆ ወጣ። የሁላችንም ጀርባ እንደ ደብተር በሰማያዊ ተሰምሯል። ሐዘን ቤት ስለሆነ የሚስቅ የለም፤ ግን ሁሉም ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሷል። እኔ ወደ አቶ ሙላቴ ዞር ብዬ፣ «መስመሩን አስምረውልናል፤ ጽሕፈቱስ መቼ ነው?» አልኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ምላሴን ይፈሩታል።

ሚሚ ያን ጊዜ ከሻርጃ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ስትመጣ ያላየኸውን ልንገርህ። ሻንጣዋን ስትከፍት ጎረቤቱ ሁሉ ሽቶና ሻሽ ጠብቆ ተሰብስቦ ነበር፤ እኔም ጠብቄ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም። ከፎጣ ውስጥ የወጣው ግን ብረት መፍጫ ማሽንና የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። አሰፋሽ ፊቷን አጨማድዳ ወጣች። ለካስ ልጅቱ ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዋ ሽማግሌ አባት በግቢያቸው አሮጌ መኪና እየፈቱ የሚያድሱ ሰው ኖረዋል። ሻይ ስታደርስ ታያለች። ቆይታ መብራት ትይዝላቸዋለች። ቆይታ እሳቸው እጃቸው ሲደክም እሷ ትፍቃለች። የቤቱን ሥራ ሳታጓድል በዕረፍቷ ነው። ሰው ከዐረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ እሷ እጅ ይዛ መጣች።

እዚህ ታደሰ ጋራዥ ገባች። የወሬውን መጠን አትጠይቀኝ። አሰፋሽ ሚሚ በደጇ ስታልፍ የልጅ ልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍን ነበር፤ ብረት የነካ ሰው ዓይኑ ይበላል ተብሎ። ሚሚም እያየች ሰላም ብላ ታልፋለች። እኔ ብሆን ድንጋይ አነሣ ነበር።

ከሰማያዊው ጉድ በኋላ እድሩ ሲሰበሰብ ሚሚ ከሴቶቹ በኩል ተነሥታ፣ ክሮሙ ካልተነሣ ምንም ቀለም እንደማይይዝ፣ ቢፈቅዱላት እሷ እንደምታነሣው ተናገረች። አቶ ሙላቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ የምንፈልገው ቀለም ቀቢ ነው፤ ፋቂ አይደለም» አሏት። ወንዶቹ ሳቁ። እሷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አባባ፣ ሳይፋቅ የተቀባ ምን እንደሚሆን ጋቢዎን ይጠይቁት» አለቻቸው። ያን ጊዜ ሴቶቹ ሳቁ። የሴቶቹ ሳቅ በለጠ። አቶ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እስቲ አንድ ሠርታ ታሳየን ብለው ወሰኑ።

የሞከረችው ያንተን ወንበር ነው። ሁለቱም ዕቃ ቤት ውስጥ ዶሮ እየሰፈረባቸው ኖረው ነበር። መቀመጫውንና መደገፊያውን ፈትታ አነሣች፤ ቧንቧውን በኦሞና በሙቅ ውሃ አጠበችው። ቅባት ባለበት ብረት ላይ የተሠራ ሥራ ከንቱ ነው አለችኝ። ፀጉሯን በሻሽ፣ ዓይኗን በመነጽር፣ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፈነች። ለእኔም ጭምብል አሰረችልኝና ነፋሱ ከጀርባዬ እንዲመጣ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ማሽኑን ስታስነሣው ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ፤ አንዷን እስከ ማታ አላገኘናትም።

ዘውዱ፣ ክሮም የሚባለው ነገር ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ግን ሞረድ ይመልሳል። በጉልበት ልሂድበት ያለውን ያንሸራትተዋል። ሚሚ አልታገለችውም። ማሽኑን ቀለል አድርጋ ይዛ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትቆም፣ እንደሚዳብስ ሰው ትመላለስበታለች። ብትቆምበት ቧንቧው ይጎደጉዳል። መጀመሪያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብልጭታ ይሄዳል፤ ከሥሩ ሌላ ነጭ ልባስ ይመጣል፣ እሱ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ብረቱ ከእሱ በታች ነው፣ ግራጫ ሆኖ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ሰው። ይህን ሁሉ ዘመን ስቀመጥበት ወንበር ልብስ ደራርቦ እንደሚኖር አላወቅሁም ነበር። መጨረሷን በምን ታውቂያለሽ ስላት፣ «አክስቴ፣ ውሃ ያፍስሱበት» አለችኝ። አፈሰስሁ። ባልተፋቀው በኩል ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠል ተንከባልሎ ወረደ። በተፋቀው በኩል ግን ተዘረጋና ቧንቧውን አለበሰው። «ውሃ ያልያዘውን ቀለምም አይይዘውም» አለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ማፍሰሱ የእኔ ሥራ ሆነ። እየዞርሁ፣ እዚህ ተንከባለለ፣ እዚያ ተንከባለለ እላታለሁ፤ አትቆጣም፣ ተመልሳ ትፍቀዋለች።

ያንተን ወንበር ፍቃና ቀለም ቀብታ ስትጨርስ ተሸክማ እድሩ ፊት አቆመችው። አቶ ሙላቴ በጥፍራቸው ቧጨሩት። በቁልፋቸው ቧጨሩት። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። «እንግዲህ ይሁን» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አባባ ግቢ መጡ፤ ግቢው በቧንቧ እግር ጫካ መሰለ።

ከሁሉ የወደድኋትን ቀን ልንገርህ። የጋራዡ ባለቤት ታደሰ ክንዷ አብጦ ሲያያት አዘነላትና፣ «አሲድ ውስጥ ብትነክሪው ያለ ልፋት ይለቃል፤ ለምን ትሞቻለሽ?» አላት። እኔም ወዲያው፣ እውነቱን ነው፣ ንከሪው አልሁ። እሷ ግን፣ «ክሮሙ ይለቃል ጋሼ፤ ውሃው የት ይሄዳል?» አለችው። ከግቢያችን በታች ያለውን ቦይ አንተም ታውቀዋለህ፤ የሰፈሩ ከብት የሚጠጣው ከእሱ ነው። ክሮም የሟሟበት ውሃ መርዝ ነው፤ ሻርጃ ያሉት ሽማግሌ ጓደኛቸው በእሱ ሳንባው እንደ ተቃጠለ ነግረዋታል። ለዚህ ነው ዱቄቱ እንዳይበንን ውሃ እያርከፈከፈች የምትፍቀው። ማታ ማታ ሳትጠርገው አትገባም፤ በርጥብ ጆንያ ሰብስባ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች፤ ለዶሮም ለሰውም አይሆንም ብላ። ታደሰ፣ «ለሰው ከብት አዝና ለገዛ ክንዷ የማታዝን ሰው አየሁ» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ግን የመፍቂያ ድንጋይና የብርጭቆ ወረቀት በካርቶን ሙሉ ላከላት። እኔም ማታ ክንዷን በቅቤ አሸሁላት። ስታድግ እንዳሸኋት።

መብራት ሲጠፋ፣ እንደምታውቀው መብራት ይጠፋል፣ ሥራው አይቆምም። የብርጭቆ ወረቀቱን በጥብጣብ ቆርጣ ቧንቧው ላይ ትጠመጥመውና ጫፍና ጫፉን ይዛ ትጎትታለች፤ ወዲህ፣ ወዲያ። ወንበሩ እንዳይንቀሳቀስ እኔ እቀመጥበታለሁ። አንተ በልጅነታችን በርሜል ስትለኝ የኖርኸው ሰውነቴ ለቁም ነገር ዋለ። እዚያ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አጠና ነበር። እሷ እየፋቀች፣ እኔ ቃሉን ጮክ ብዬ ፊደል በፊደል እየጠራሁ፣ ስሳሳት «አክስቴ፣ ይህኛው ሐመሩ ሐ ነው» ትለኛለች፤ ቀና ብላ ሳታይ፣ በድምፄ ብቻ።

በግንቦት አንድ ክፉ ቀን ሆነብን። ብዙ ወንበር ፍቃ ብረቱ ራቁቱን ቆሟል። ከቀለም በፊት ዝገት እንዳይገባው የሚቀባው አንቲረስት አለቀባትና ነገ እገዛለሁ ብላ አደረች። ሌሊት ከጉና ጉም ወረደ። ጠዋት ስንነሣ ብረቱ ሁሉ ቀይ ላብ አልቦታል። የደከመችበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ዛገ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ተራገምሁ። ጉናን ረገምሁ፣ ጉሙን ረገምሁ፣ እድሩን ረገምሁ፣ አንተንም ጨመርሁህ። ሚሚ ግን አንዱን ወንበር አነሣች፣ በአውራ ጣቷ ፈተገችው፣ «አክስቴ፣ ይህ ከላይ ነው፤ በእጅ ይሄዳል» አለችና ጀመረች። ይኸው ነው። ፊቷ እንኳ አልጨለመም። ከዚያ በኋላ በቀን የምትፍቀው ፀሐይ ሳትጠልቅ አንቲረስት ቀብታ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ ሆነ። እኔ በሕይወቴ የደረሰብኝን ሁሉ አንድም ሳልረሳ የምቆጥር ሴት ነኝ። ይህች ልጅ ከእኔ እጅ አድጋ ይህን ትዕግሥት ከማን ወሰደችው? ከአንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከየሺ ነው እላለሁ፣ ነፍሷን ይማር።

ቀለሙን የቀይ ጤፍ አስመሰለችው፤ ለሐዘንም ለደስታም የሚሆን። ሥራው ሲያልቅ አሰፋሽ ልትመረምር መጣች። ነጠላዋን አወለቀችና፣ አዲሱን እንዳይመስልህ፣ አሮጌውን ነው፣ በእያንዳንዱ ወንበር እግርና ጀርባ ላይ ጎተተችው። እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደች። አንድ ክር አልተያዘባትም። ወደ ቤቷ ሄዳ የልጅ ልጇን ይዛ ተመለሰችና አንዱ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቱን ሳትሸፍን። እኔ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ሚሚ ዓይኗን አፈጠጠችብኝና ዋጥሁት።

አሁን ዋናውን ስማ። በሐምሌ የአቶ ሙላቴ ታላቅ እህት ዐረፉ። ዝናቡ እንደ ባለፈው ዓመት ነው፤ ድንኳኑም ያው የሚያፈስሰው ነው። አቶ ሙላቴ ሦስት ቀን ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ከወንበራቸው አልተነሡም። በሣልስቱ እድሩ ሊሰናበት ሲል ተነሡና ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው በሰው ሁሉ ፊት ዘረጉት። ጀርባውን አዩት። ርጥብ ነው፤ ግን ነጭ ነው። እኛም ቀስ እያልን የየራሳችንን ዞረን አየን። አንድ መስመር የለም። አቶ ሙላቴ በለቅሶ በሰለለ ድምፃቸው፣ «ያችን ልጅ ጥሩልኝ» አሉ። ሚሚ ከድንኳኑ በስተኋላ ሳህን ታጥብ ነበር፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

እሳቸው ክርስትናዋን በልተዋል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነች ያውቃሉ። ነገር ግን በአገራችን ሽማግሌ እንዲህ በአደባባይ ሲጠይቅ ሊመርቅ ነው፤ አባት ሊያስጠራ ነው። ሚሚ፣ ካሳሁን መልእክትህን ሲነግረኝ ከበሩ ጀርባ እንደ ነበረች ታውቃለህ? «ልጄ አይደለችም» ያልኸውን በጆሮዋ ሰምታለች። ለእኔ አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁባትም። አሁን ሰው ሁሉ እየጠበቃት ቆመች። ዝናቡ ድንኳኑን ይመታል። እኔ አፌን ከፍቼ፣ የእኔ ናት፣ የጌጤ ልጅ ናት ልል ነበር። በእግዚአብሔር ፊት እውነትም ነው። ከእኔ ቀድማ፣ ቀስ ብላ፣ «የዘውዱ ልጅ ነኝ» አለች።

አቶ ሙላቴ፣ «ዘውዱ ባለበት አገር ይባረክ። እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ አይፈር። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አሉ። ሰውም አሜን አለ፤ አሰፋሽም አሜን ብላለች፣ ድምፅዋን ለይቼዋለሁ። እንግዲህ አንተ ያፈርህበት ስምህ፣ በተወለድህበት ሰፈር፣ በሽማግሌ አፍ፣ በሴትም በወንድም ፊት ተመረቀ። እኔ አሳደግሁ፤ አንተ ተመረቅህ። ይህንንም ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ግን፣ ወንድሜ፣ አልከፋኝም። እሷ ቆማ ስምህን ስትጠራ እያየኋት እንኳን አፌን ቀደመችኝ አልሁ። እኔ ብጠራት ምርቃቱ አንተ ጋ አይደርስም ነበር።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ቃልህን አንሣ። ለእኔ አትደውል፤ ለእሷ ጻፍላት። አንድ መስመር ይበቃል። ከግቢው የምትወጣ ከሆነ ግን አብሬያት እወጣለሁ፤ የአባባን ግቢ ለማን እንደምትጠብቀው ከዚያ በኋላ አንተ ታውቃለህ።

የእድሩን ሥራ ከጨረሰች በኋላ የየሺንም ወንበር ፍቃ ቀብታዋለች። አዲስ መቀመጫ አለበሰችውና፣ «ይህ የእናቴ ነበር። ከእንግዲህ አንቱ ይቀመጡበት» ብላ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚወጣበት በኩል አኖረችልኝ። እኔም ወዲያው ተቀመጥሁበት። ያንተን ደግሞ አጠገቡ አድርጋዋለች። እሱ ላይ ማንም አይቀመጥም። ካሳሁን አንድ ቀን ሊቀመጥ ሲል ሌላ በርጩማ አመጣችለት።

ለእመቤት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ፊት ለፊት ባንተያይም ከአንተ የተሻለች ሰው እንደ ሆነች በልጆቹ አስተዳደግ አውቃለሁ። ለትንሹ ለደሳለኝ ጉንጩን ሳምልኝ፤ በልጅነትህ ፎቶግራፍ ላይ እንዳለኸው ከሆነ መሳሙ ደስ ይላል። ለታላላቆቹም እኅት እንዳለቻቸው ንገራቸው። ካሳሁን ሰላም ብሎሃል። አሰፋሽም ብላሃለች፤ መቼም ሳትጠየቅ ነው። አቶ ሙላቴ «ለዘውዱ» ብለው ኮፍያቸውን አነሡ፤ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ስላላወቅሁ እንዲሁ ጻፍሁት። ሚሚ ሰላም በይልኝ አላለችም፤ እንደምጽፍልህም አታውቅም።

ይህን እየጻፍሁ ዝናብ ጀመረ። የእኔን ወንበር እኔ አስገባሁ። ያንተን እሷ አስገባችው፤ ጠብታውን በሻሿ ጠርጋ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙራ አቆመችው።

እኅትህ ጌጤ
ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.